የመኪና የውስጥ ፕላስቲክን እንዳይላጥ አድርጎ መቀባት፦ ከማውለቅ እስከ መልሶ መግጠም

«የበሩን ፕላስቲክ ባለፈው ዓመት አስቀብቼው ነበር፤ አሁን እንደ ሽንኩርት ቅርፊት እየተነሣ ነው፤ ምን ባደርግ ይሻላል?» ይህ ጥያቄ እዚህ አዳማ ውስጥ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ያሳብባል። የተላጠውን ቁራጭ ገልብጠን ስናየው ግን ጀርባው እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይህም ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ከመጀመሪያውም እንዳልተያያዘ፣ ላዩ ላይ ተኝቶ ብቻ እንደቆየ ያሳያል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የያዘው መርጨቱ ሳይሆን ከመርጨቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። የአራት በር ፓነሎችን ማውለቅ፣ ማጠብና ማሻከር ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ መርጨቱ ግን፣ በየመሃሉ ያለውን የማድረቂያ ጊዜ ጨምሮ፣ በአንድ ማለዳ ያልቃል።

መመሪያው የሚያገለግለው ለደረቅ ፕላስቲክ ነው፦ ለበር ፓነሎች፣ ለማርሽ ዙሪያ ሽፋን፣ ለመስታወት ማንሻ ቁልፎች መደብ፣ ለኤሲ ንፋስ ማውጫዎች ክፈፍና ለዳሽቦርዱ የታችኛው ክፍል። ሲጫኑት ለሚሰረጉደው ለስላሳ ዳሽቦርድ፣ ለቆዳና ለጨርቅ አያገለግልም፤ ደረቅ ቀለም በሚተጣጠፍ ነገር ላይ ሲቀባ ይሰነጣጠቃልና። መሪን፣ ፔዳልንና የኤር ባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው መከላከያ ከረጢት) ሽፋንን ደግሞ በምንም ዓይነት ቀለም አይቀቡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ለባትሪው 10 ቁጥር ቁልፍ፣ እንዲሁም ፓነል ለማላቀቅ የሚያገለግል የፕላስቲክ ማንሻ። ማንሻው ከሌለ የጠፍጣፋውን ካቻቢቴ ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው መጠቀም ይቻላል።
- ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና ሁለት ባልዲ።
- ከቀለም መሸጫ የሚገኝ የሰምና የቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሽ፣ እና አልኮል።
- ቁጥር 320፣ 400፣ 600 እና 800 ብርጭቆ ወረቀት፣ እና ግራጫ የማሻከሪያ ስፖንጅ።
- ክር የማይተው ንጹሕ ጨርቅ፣ ቢያንስ ስድስት ቁራጭ። ያረጀ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ቢቆራርጡ ይበቃል።
- የወረቀት ፕላስተርና ጋዜጣ።
- ለፖሊፕሮፒሊን (ደረጃ 3 ላይ ለሚብራራው የፕላስቲክ ዓይነት) እንደሚሆን በጣሳው ላይ የተጻፈበት የፕላስቲክ ማጣበቂያ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚረጭ ፈሳሽ።
- ማት (የማያንጸባርቅ) ወይም ሳቲን (በትንሹ ብቻ የሚያንጸባርቅ) የሆነ ስፕሬይ ቀለም። አንድ ባለ 400 ሚሊ ሊትር ጣሳ ሦስት ስስ እጅ (ማለትም ሦስት ጊዜ በስሱ) ሲቀባ ከሁለት የበር ፓነል በላይ ያደርሳል ብለው አይመኑ። የሚያስፈልግዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይግዙ፤ በሌላ ቀን የተገዛው ጣሳ ስሙ አንድ ሆኖ መልኩ ሊለይ ይችላል።
- የከሰል ማጣሪያ ያለው የቀለም ቀቢ ማስክ፣ መነጽርና ጓንት።

ቀለም ሲመርጡ በፀሐይ የደበዘዘውን የፓነል ፊት ናሙና አድርገው አይውሰዱ። አብዛኛው የመኪና ውስጥ ፕላስቲክ ሲሠራ ጀምሮ ቀለሙ ከራሱ ጋር የተቀላቀለ በመሆኑ፣ በሌላ ፓነል ተሸፍኖ የኖረው ጠርዝ የመጀመሪያውን መልክ እንደያዘ ይገኛል። እሱን ጠርዝ አጥበው ወደ ሱቅ ይውሰዱ፤ ከቀለሙ ክዳን ጋር የሚያነጻጽሩትም በሱቁ አምፖል ሥር ሳይሆን ደጅ ወጥተው ይሁን። ከዳሽቦርዱ ጋር የሚያያዝ ፓነል ከሆነ አንጸባራቂ ወይም ነጣ ያለ ቀለም አይምረጡ፤ እኩለ ቀን ላይ የፊት መስታወቱ ውስጥ እያንጸባረቀ እይታዎን ይጋርዳል።

ከመጀመርዎ በፊት መታወቅ ያለባቸው አደጋዎች

ኤር ባግ ያለበት ሽፋን ሲነፋ በታሰበለት መስመር ላይ እንዲቀደድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቀለም መስመሩን ሊያጠነክረው ይችላል፤ ወይም ደረቁ ቀለም ሽፋኑ ሲፈነዳ ተሰባብሮ ወደ ፊት ይበተናል። ኤር ባግ በመሪና በተሳፋሪው ፊት ለፊት ብቻ እንዳይመስልዎት፤ በብዙ መኪኖች በፊት መስታወቱ ዳርና ዳር ባሉት ምሰሶዎች ሽፋን ሥር፣ በጣሪያው ጠርዝና በወንበሩ ጎንም ይገኛል። ሽፋኑ ላይ «ኤር ባግ» ወይም «ኤስ አር ኤስ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾ ካዩ እጅዎን ይሰብስቡ።

የስፕሬይ ጋዝና የቀለም ትነት በእሳት ይያያዛል። ግቢ ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና እየተፈላ በዚያው ግቢ ጥግ ላይ የሚረጩ ሰዎችን በዐይኔ አይቻለሁ። ምድጃው ይጥፋ ወይም ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፍ።

ጣሳውን መኪና ውስጥ አያስቀምጡ። በጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት እንዳያገኘው የሚል ማስጠንቀቂያ ታትሟል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ ከዚህ በጣም ሊያልፍ ይችላል። ከሱቅ ሲወጡ ወደ ቤት ይሂዱ፤ በመንገድ ላይ ምሳ ለመብላት አይቁሙ።

የጨርቅም ሆነ የሐኪም ቤት ማስክ የቀለም ትነትን አያስቀርም፤ የሚይዘው ብናኙን ብቻ ነው፣ እሱንም በከፊል። ጋራዥ ውስጥ ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው ባለ ሁለት ክፍል ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጭ ቀለም የለሽ መከላከያ) ደግሞ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ይህም ሳንባን የሚያስቆጣና የማይለቅ አስም ሊያስከትል የሚችል ነው። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ መሣሪያ ለሌለው ሰው ይህን ክሊር ቤት ውስጥ እንዲረጭ አልመክርም።

አሠራር

1. ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ። ከአዳማ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ነፋስ የረጩትን ቀለም ፓነሉ ላይ ሳይደርስ ይበትነዋል፤ የደረሰውንም አቧራ ያለብሰዋል። ለመርጨት የሚሻለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው፤ አየሩ ገና አልጋለም፣ የፓነሉም ሙቀት ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ባለው መካከል ይሆናል። በዚያ ሰዓትም ቢሆን መጀመሪያ የዛፉን ቅጠል ይመልከቱ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ባረፈበት ወይም ሊዘንብ ባለበት ሰዓት ከሆነ ይተዉት፤ እርጥብ አየር ቀለሙን ያዘገየዋል፣ ላዩንም ያነጣዋል። በር ያለው ማቆሚያ ወይም ሦስት ግድግዳ ያለው ዳስ ካለዎት ወለሉን ከመርጨትዎ በፊት ውኃ ያርከፍክፉበት፤ አቧራው ይተኛል።

2. ባትሪውን ይፍቱ፤ ፓነሉን ያውልቁ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈትተው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ኤር ባጉን የሚቆጣጠረው ክፍል ገመዱ ከተፈታም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይዞ ይቆያል። ፓነሉ ከኋላው ቢጫ ሶኬት ካለው የኤር ባግ መስመር ስለሆነ አይነካኩት።

ብሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀዋል። በር ላይ ከሆነ በእጀታው ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከትንሿ ክዳን ሥርና ከመስታወት ማንሻ ቁልፉ በታች ይፈልጉ። ብሎኑ ሳይፈታ የሚጎትቱ ሰዎች የሚሰብሩት ክሊፑን ሳይሆን ክሊፑ የሚገባበትን የፓነሉን ጆሮ ነው፤ ክሊፕ ከሱቅ ይገዛል፣ የተሰበረ ጆሮ ግን በቀላሉ አይተካም። ማንሻውን ከታች በኩል አስገብተው ከአንዱ ክሊፕ ወደ ሌላው እየሄዱ ቀስ ብለው ያላቅቁ። በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ የእያንዳንዱን በር ብሎን ለየብቻ ሲኒ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ይለያያልና።

አውልቆ መቀባት አድካሚ ነው ብለው መኪናው ላይ እንዳለ ሸፍነው የሚረጩ አሉ። እንዲህ የተቀባ ፓነል ጠርዙ ላይ ቀለም አይደርሰውም፤ መላጥም የሚጀምረው ከጠርዝ ነው።

3. ፕላስቲኩን ይለዩ። ፓነሉን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። እርስ በርስ በሚተያዩ ሁለት የቀስት ጫፎች መካከል በላቲን ፊደል የተቀረጸ ምልክት ያገኛሉ፤ አይኤስኦ 11469 የተባለው ደንብ የሚያዘው አጻጻፍ ነው። ምልክቱ «ፒ ፒ» ብሎ ከጀመረ ፕላስቲኩ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ «ኤ ቢ ኤስ» ከሆነ ደግሞ ለቀለም የሚመች ሌላ ዓይነት ነው። ከ«ፒ ፒ» ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላትና ቁጥሮች ጎማ ወይም ታልክ (የድንጋይ ዱቄት) እንደተጨመረበት ይናገራሉ፤ ለምሳሌ «ቲ 20» ማለት 20 በመቶው ታልክ ነው።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ፖሊፕሮፒሊን ምንም ነገር አልጣበቅበትም የሚል ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ባልዲ ያስታውሱ፤ የትኛውም ኮላ አይዘውም። በኤ ቢ ኤስ ላይ ማሻከርና ተራ የፕላስቲክ ፕራይመር ይበቃል፤ በፖሊፕሮፒሊን ላይ ግን ማጣበቂያ ፕራይመር ከሌለ የተቀባው ሁሉ ይነሣል። ምልክቱ ካልተነበበ እንደ ፖሊፕሮፒሊን ይቁጠሩትና ማጣበቂያውን ይርጩ፤ ብዙው ማጣበቂያ ፕራይመር በኤ ቢ ኤስ ላይም ይሠራል። «ውኃ ውስጥ ከከተቱት ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋል» የሚባለውን ምክር አይመኑበት፤ ንጹሑ ይንሳፈፋል፣ ታልክ የተጨመረበት ግን ሊሰጥም ይችላል። የመኪናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታልክ አለበት።

4. ይጠቡ፤ እንደገናም ይጠቡ። የመኪና እጥበት ቤቶች ዳሽቦርድና በር ላይ የሚቀቡት ማድመቂያ አብዛኛው ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን ቀለምን ያባርራል። እኔ መጀመሪያ የቀባሁት የራሴን ኮሮላ የማርሽ ዙሪያ ሽፋን ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በሳሙና አጥቤው፣ ደርቆ ሲያምርልኝ ረጨሁ። ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ምስር የሚያካክሉ ክብ ቀዳዳዎች ይከፈቱበት ጀመር፤ በየቀዳዳው መሃል አሮጌው ፕላስቲክ ይታያል። ይሸፈናል ብዬ ደገምኩ፤ አዲሱም ከዚያው ቦታ ሸሸ። መጨረሻው ሁሉንም ፍቄ ማንሣት ሆነ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በለብታ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና በብሩሽ ይሹት፤ ቆዳ የሚመስለው ሸካራ ክፍል ላይ የጥርስ ብሩሹን ወዲያና ወዲህ ብቻ ሳይሆን በክብም ያንቀሳቅሱት፤ ቆሻሻው የሚደበቀው በጎድጓዳዎቹ ውስጥ ነው። በመስታወት ማንሻ ቁልፉና በክንድ መደገፊያው አካባቢ ለብዙ ዓመታት የተከማቸ የእጅ ወዝ ስላለ ለዚያ እጥፍ ጊዜ ይስጡት። በሁለተኛው ባልዲ ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፣ በጥላ ያድርቁት። ቀጥሎ የሰምና የቅባት ማስለቀቂያውን በአንድ ጨርቅ እየቀቡ፣ ሳይተን በሌላ ደረቅ ጨርቅ ወዲያው ያንሡት። ራሱ እንዲደርቅ ከተተወ የሟሟው ቅባት ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል፤ ሁለት ጨርቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጨርቁን በየፓነሉ ይለውጡ። ይህን ከጨረሱ በኋላ የሳሙናውን እጥበት አንድ ጊዜ ይድገሙት።

በአልኮል ብቻ መጥረግ አይበቃም። አልኮል የእጅ ወዝን ያነሣል፤ ሲሊኮንን ግን ወዲያና ወዲህ ያዛውረዋል እንጂ አያስወግደውም። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚንም አይጠቀሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኤ ቢ ኤስን ያሟሙታል ወይም በዐይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጡበታል፤ ቤንዚን ደግሞ እሳቱን ትተን የቅባት ፊልም ይተዋል።

መጥራቱን ለማወቅ ጥቂት ውኃ በፊቱና በጀርባው ላይ ጠብ ያድርጉ። ማድመቂያ ነክቶት የማያውቀው ጀርባው ነው። በሁለቱም በኩል ውኃው አንድ ዓይነት ከሆነ ይቀጥሉ፤ በፊቱ በኩል ያለው ጠብታ ይበልጥ ተሰብስቦ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ከሆነ ግን ሲሊኮኑ አልወጣም። ውኃው ጨርሶ ይዘረጋ ብለው አይጠብቁ፤ ፖሊፕሮፒሊን ንጹሕ ሆኖም ውኃን ይሰበስባል።

5. ያሻክሩ። ከመታጠቡ በፊት ብርጭቆ ወረቀት አያስነኩት፤ ቅባቱ በጭረቶቹ ውስጥ ይገባና በኋላ ማንም አያወጣውም። ልሙጥ ፓነልን በ400 ጀምረው በ600 ይጨርሱ፤ ወረቀቱ በውኃ የራሰ ይሁን። ፖሊፕሮፒሊን በደረቁ ሲታሽ እንደ ጨርቅ ጸጉር ያወጣል፤ ይህ ጸጉር ቀለሙ ሥር ሆኖ ላዩን ያሻክረዋል። ካወጣም በ800 ወረቀት በቀላል እጅ በውኃ ይለፉበት።

ቆዳ የሚመስለውን ፓነል ግን በወረቀት አይንኩት። ወረቀት ከፍ ከፍ ያለውን ክፍል ይቆርጠዋል፣ ጎድጓዳውን አይደርስበትም፤ ሲቀባም ፓነሉ እዚህ ጋ ልሙጥ እዚያ ጋ ሸካራ ሆኖ ይወጣል። ግራጫውን ስፖንጅ ከትንሽ ሳሙና ጋር ይጠቀሙ። የዕቃ ማጠቢያው አረንጓዴ ስፖንጅ ሲበዛ ሻካራ ስለሆነ ያለቀና የሟሸሸ ካልሆነ አይስማማም።

ማሻከሩ መጨረሱን የሚናገረው ብርሃን ነው። ፓነሉን አድርቀው ወደ መስኮት ያዙትና በአግድም ይመልከቱት። በጎድጓዳዎቹ ውስጥ እንደ ሌሊት ኮከብ የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ከታዩ ስፖንጁ አልደረሰባቸውም፤ በጥርስ ብሩሽና በጥቂት የማጠቢያ ዱቄት ይግቡባቸው። ሁሉም ወጥ የሆነ ድብዝዝ መልክ እስኪይዝ ድረስ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። ጠርዞቹንና የእጀታውን የውስጥ ጎን አይርሱ።

6. ጭረት ካለ ያስተካክሉ። የተነሣውን የጭረት ከንፈር በምላጭ ቆርጠው በ320 ከዚያም በ600 ያለስልሱት። ለላሜራ የሚሠራው ስቱኮ በፖሊፕሮፒሊን ላይ አይይዝም፤ ለፕላስቲክ የተሠራ የሚተጣጠፍ መሙያ ያስፈልጋል፣ ከሥሩም ማጣበቂያ ፕራይመር ይረጭበታል። እኔ በበኩሌ ቆዳ የሚመስል ፓነል ላይ ያለን ጭረት አልሞላም፤ የተሞላው ቦታ ልሙጥ ሆኖ ከጭረቱ ይልቅ እሱ ዐይን ይስባል።

7. ይሸፍኑና ለመጨረሻ ጊዜ ይጥረጉ። ክሊፕ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች፣ ከሌላ ፓነል ጋር የሚጋጠሙትን የውስጥ ፊቶችና የጨርቅ ክፍሎችን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። ሁለት የተቀቡ ፊቶች ሲተሻሹ በመንገድ ላይ ጢጥ ጢጥ ይላሉ፤ ቀለም የሞላው ቀዳዳም ክሊፑን አይቀበልም። ከዚያ አልኮል በነካ ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ይጥረጉት። በደረቅ ጨርቅ አይጨርሱ፤ ፕላስቲክ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዝና በዙሪያው ያለውን ብናኝ ወደ ራሱ ይጠራል። ከአሁን በኋላ ያለ ጓንት አይንኩት።

8. ማጣበቂያ ፕራይመሩን ይርጩ። ጣሳውን የውስጧ ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ለሁለት ደቂቃ ያህል ይወዝውዙ። ከፓነሉ አንድ ስንዝር ያህል፣ ማለትም ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ራቅ አድርገው ሁለት በጣም ስስ እጅ ይርጩ። ፈሳሹ ቀለም የለሽ ስለሆነ የደረሰበትን ለማየት ብርሃኑን ከጎን ያድርጉ፤ ለአፍታ የረጠበ መልክ ይታያል። ወፍራም እጅ ማጣበቁን አያጠነክርም፤ እንዲያውም ለስላሳ ሆኖ ቀርቶ ቀለሙን ያንሸራትተዋል።

በዚህ ደረጃ ብዙዎች የሚሳሳቱት በጊዜ ነው። እያንዳንዱ ማጣበቂያ ፕራይመር ቀለሙ በምን ያህል ደቂቃ ውስጥ መከተል እንዳለበት በጣሳው ላይ ተጽፎበታል፤ ሰዓቱ ካለፈ መያዙን ያጣል። ስለዚህ ፕራይመሩን ረጭተው ቀለም ሊገዙ አይሂዱ። ካለፈብዎትም አንድ ስስ እጅ ደግመው ይርጩ። ሳይደርቅም ደርቆም በወረቀት አያሹት፤ እጅግ ስስ በመሆኑ ጨርሶ ይነሣል።

ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን አውቀው ማጣበቂያ ፕራይመር በገበያ ካጡ፣ አይቀቡት። በደንብ አጥቦ እንዳለ መተው ወይም ለወንበር ልብስ ሰፊ ሰጥቶ ማልበስ ከሚላጥ ቀለም ይሻላል።

9. ቀለሙን ይርጩ። የመጀመሪያው እጅ ፕላስቲኩን እንዲሸፍን አይጠብቁ፤ አቧራ እንደበነነበት ያህል ብቻ ይሁን። ሥራው ለሚቀጥለው እጅ መያዣ መሆን ነው። 10 ደቂቃ ቆይተው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ይርጩ። እጅዎ ሳይቆም ከፓነሉ ውጭ ጀምሮ ከፓነሉ ውጭ ያብቃ፤ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚመለስ እጅ እዚያው ቀለም ያከማቻል። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን። ሁለተኛውን እጅ በአግድም ረጭተው ከሆነ ሦስተኛውን በቁም ይርጩት፤ በጎድጓዳዎቹ አንድ ጎን ብቻ ቀለም እንዳይቀር ነው።

ፓነሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ መኪና ወጥቶ ወዲያው አይረጭም። የእጅዎን ጀርባ ያስነኩት፤ ሞቅ ካለው በጥላ ይቀዝቅዝ። በሞቀ ፓነል ላይ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቅና ሲዳሰስ እንደ ጨው ይሻክራል። ጠብታ ከፈሰሰ በጣትዎ አይንኩት፤ ማግስቱን በ800 ወረቀት በውኃ አስተካክለው አንድ ስስ እጅ ይድገሙት። ቆዳ የሚመስል ፓነል ላይ ሦስት እጅ ሲሞላ ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀለም ቅርጹን መሙላት ይጀምራል።

10. ክሊር የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው። እጅ ለሚበዛበት ለክንድ መደገፊያና ለማርሽ ዙሪያ ማጠንከሪያ የሌለው የጣሳ ማት ክሊር፣ አንድ ወይም ሁለት እጅ፣ ይጠቅማል። ለሌላው አያስፈልግም።

11. አድርቀው ይመልሱ። ቀለሙ በግማሽ ሰዓት ሲነካ ደረቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥፍር ቢጫኑት ምልክት ይይዛል። ፕላስተሩን ቀለሙ ጭልጥ ብሎ ሳይደርቅ፣ ከመጨረሻው እጅ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ወደ ኋላ እያጠፉ ይንቀሉ። ፓነሉን ከመመለስዎ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት በጥላ ያቆዩት፤ ለማፍጠን ብለው ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ላዩ ቀድሞ ይዘጋና የሥሩ ትነት አረፋ ሆኖ ይወጣል። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሳምንት በኋላ ነው።

ከመግጠምዎ በፊት በማይታይ ጠርዝ ላይ የወረቀት ፕላስተር በጥፍርዎ አጥብቀው ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይንቀሉት። ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከመጣ ይግጠሙት። ቀለም ይዞ ከመጣ ግን ይግጠሙት አልልም፤ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ከሚላጥ እጅዎ ላይ ቢላጥ ይሻላል። ባትሪውን የሚያገናኙት ሁሉም ሶኬት ከተመለሰ በኋላ ብቻ ነው።

በብዛት የሚያጋጥሙ ችግሮችና መነሻቸው

- *ቀለሙ እንደ ቆዳ ሰፊ ሆኖ ይላጣል፤ ጀርባው ልሙጥ ነው።* ማጣበቂያ ፕራይመር አልነበረም፣ ወይም ጊዜው አልፎ ነበር። በላዩ ላይ መድገም አያድነውም፤ የሚነሣው ሁሉ ተነሥቶ እንደገና ይጀመራል።
- *ክብ ክብ ቀዳዳ።* ሲሊኮን ነው። መርጨትዎን ያቁሙ፤ ደርቆ ይፈቅ፣ ይታጠብ።
- *ቀለሙ ተጨማደደ።* የቀድሞው ቀለም የአዲሱን ቀለም ማሟሚያ መቋቋም አልቻለም፣ ወይም በእጅና በእጅ መካከል በጣሳው የተጻፈው ጊዜ አልተከበረም።
- *ከሳምንታት በኋላ የሚያጣብቅ ላይ።* አንዱ እጅ በጣም ወፍራም ነበር፤ ወይም ገና ሳይጠነክር የዳሽቦርድ ማድመቂያ ተቀብቶበታል።
- *ላዩ ላይ የተበተነ ብናኝ።* በ800 ወረቀት በውኃ ለስለስ አድርገው አንድ ስስ እጅ ይድገሙ። ቆዳ በሚመስለው ፓነል ላይ ከሆነ ይተዉት፤ ከሹፌሩ ወንበር አይታይም።

ለመጀመሪያው ወር ፓነሉን በውኃ በረጠበ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ መኪናውን እጥበት ቤት ሲያስገቡም «ውስጡን ማድመቂያ እንዳትቀቡብኝ» ብለው አስቀድመው ይንገሩ። ከጣሳው የተረፈውን ጥቂት ቀለም ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ረጭተው፣ ስሙን ጽፈውበት፣ ልጆች የማይደርሱበት ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። ቁልፍ ወይም የቀበቶ ብረት የፋቀው ነጥብ ሲገኝ፣ ቦታውን በአልኮል ጠርገው በስንጥር ጫፍ አንድ ጠብታ ያስነኩት።